የማሳመኛ ንግግር በምን ይጀመር? በታሪክ፣ በቁጥር፣ በጥያቄ ወይስ በቀጥታ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰው ለማሳመን የሚቆም ሰው አይጠፋም። ቅሬ (የሰፈር ዕድር) ላይ መዋጮ ይጨመር የሚል አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ደም ለግሱ እያለ የሚዞር ተማሪ አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜም ይከፈትልን የሚል አለ። ሁሉም የሚሉት ነገር አላቸው። ብዙዎቹ የማይሳካላቸው ሐሳባቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። ዋናው ሐሳብ ጋ ሳይደርሱ ሰሚው ያመልጣቸዋል።

ስለ መግቢያ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በታሪክ ጀምሩ። በጥያቄ ጀምሩ። በሚያስደነግጥ ቁጥር ጀምሩ። የቱ መቼ እንደሚሻል ግን አይነገርም። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ የቱን ለየትኛው ሰሚ እንደምመርጥም እናገራለሁ።

ለማነጻጸር እንዲመቸን አንድ ጉዳይ እንያዝ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ውሃው ከላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። ቦዩ በፌስታልና በሃይላንድ ፕላስቲክ ከተደፈነ ውሃው ቦዩን ትቶ ሰው ግቢ ውስጥ ይገባል። አንድ ወጣት ግንቦት መጨረሻ ላይ ቅሬው ፊት ይቆማል እንበል። የሚለው ይህ ነው፦ ሐምሌ ሳይገባ ቦዩን እንጥረግ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ለግማሽ ቀን ይውጣ። ይህን ንግግር በምን ይጀምር?

መጀመሪያ ሰሚውን እዩ

የጥንት ሮማውያን የንግግር አስተማሪዎች መግቢያ ሦስት ሥራ አለው ይሉ ነበር። ሰሚው ጆሮውን እንዲሰጥ ማድረግ፣ ተናጋሪውን በበጎ ዓይን እንዲያይ ማድረግ፣ ነገሩን ለመቀበል እንዲዘጋጅ ማድረግ። ከእነሱ በፊት የነበረው ግሪካዊው አሪስቶትል ደግሞ የመግቢያ ዋና ሥራ ንግግሩ ወዴት እንደሚሄድ ማሳየት ነው ብሏል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሮማውያኑ ግን አንድ ሌላ ነገር አስተውለዋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መግቢያን በሁለት ከፈሉት። አንዱ ፊት ለፊት ይገባል። ሌላው ዞር ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ሰሚው ክፉ ስሜት ከሌለው የፊት ለፊቱ ይሻላል። ሦስት ዓይነት ሰሚ ፊት ግን ቀስ ተብሎ ይገባል፦ ነገሩን የጠላው፣ ከእናንተ በፊት የተናገረው ሰው ያሳመነው፣ ማዳመጥ የደከመው።

ስለዚህ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ሰዎቹ ተስማምተው ነገር ግን ሳይነሱ የቀሩ ናቸው? ገና ያልወሰኑ ናቸው? የሚቃወሙ ናቸው? ወይስ ጉዳዩ ምንም አይመስላቸውም? ለአራቱም የሚሆን አንድ መግቢያ የለም። ለአንዱ ግሩም የሆነው ለሌላው ያናድዳል።

ታሪክ ወይስ ቀጥታ ሐሳብ?

ትልቁ ምርጫ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

ታሪክ ጉዳዩ ምንም ላልመሰለው ሰው ይሠራል። ያልወሰነውንም ያነቃል። ችግሩን ከወረቀት አውጥቶ የሆነ ሰው ቤት ያስገባዋል። ብዙ ሰው ግን ታሪክ ማለት ረጅም ወሬ ይመስለዋል። በቅሬው ንግግር ላይ ደካማው እንዲህ ይሆናል፦

«ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በጎርፍ ምክንያት በርካታ ችግሮች ሲከሰቱ ቆይተዋል። ብዙ ሰዎችም ለከፍተኛ እንግልት ተዳርገዋል።»

ይህ ሪፖርት እንጂ ታሪክ አይደለም። ሰው የለበትም፤ ሰዓትም ቦታም የለበትም። እንዲህ ቢባልስ?

«አምና ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን እግሯን ከአልጋ ስታወርድ ውሃ ረገጠች። መብራት አልነበረም። ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አወጣቻቸው። ጤፏን ግን አላተረፈችም። ጠዋት ሄደን ስናይ ቦዩን የዘጋው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታል ነበር።»

ልዩነቱን አያችሁ? አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቦይ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አላበቃም፤ ወደ ጥያቄው መራ። አንድ ማዳበሪያ ፌስታል ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ መሆኑን ሰሚው ራሱ አሰበው። ጥሩ የመግቢያ ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፤ መፍትሔው ደጃፍ ላይ። ከስድስት ዓረፍተ ነገር በላይ አያስፈልገውም።

እርግጥ ታሪኩ እውነት መሆን አለበት። ጎረቤት ፊት የሚነገር የፈጠራ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ «የማን ቤት ነው?» ብለው ይይዟችኋል። ባለቤቷንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ስሟን ባትጠሩም ሁሉም ያውቃታል። ቅሬ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሐዘኑ ገና ያልወጣለት ሰው እንዳለ አስቡ። የሞት ታሪክ ሰሚን ይይዛል ብላችሁ የሰው ቁስል እንዳትነኩ።

ቀጥታ መግቢያ የሌላ ሰሚ መድኃኒት ነው። ነገሩን ለሚያውቅና ጊዜ ለሌለው ሰው ይሆናል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ፈረቃ ሊገባ ቆሞ ስለ ጓንት ሦስት ደቂቃ ሲሰማ ታሪክ አይፈልግም። «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጓንት ማሽኑ ጋ አንጠጋ፤ ምክንያቱን በሁለት ደቂቃ እነግራችኋለሁ» ይበቃል።

የቀጥታ መግቢያ ትልቁ ምሳሌ ከደሴ ጋር የተያያዘ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928፣ ጄኔቭ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹ ተባረው ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ጀመሩ። በምን ጀመሩ? ደሴ ላይ በወደቀው ቦምብ አልጀመሩም። በመርዝ ጋዙም አልጀመሩም፤ እሱ በኋላ መጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ተናገረ፦ ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕ፣ ከስምንት ወር በፊት 50 አገሮች ወረራ መፈጸሙን ሲመሰክሩ ቃል የተገባውንም እርዳታ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

ይህን መግቢያ ደጋግማችሁ አስቡት። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ጦርነት መኖሩን አያጣውም። ሰውየውንም ያውቃቸዋል። እንዲያውቅ ማድረግ አላስፈለገም። የፈለጉት ቃሉን እንዲያስታውስ ነበር። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ሰሚያችሁ ቀድሞ ቃል ገብቶ ከሆነ በቃሉ ጀምሩ። ቅሬው ቀድሞ ተስማምቶ የነበረ ከሆነ ወጣቱ ታሪኩን ትቶ እንዲህ ይበል፦

«ጥቅምት ላይ እዚሁ ቁጭ ብለን ቦዩን ከክረምት በፊት እንጠርጋለን ብለን ነበር። ዛሬ የተነሳሁት ቀኑን እንድንቆርጥ ነው።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም አይቆጣም፤ ማንም አላስታውስም አይልም።

ሁለቱን በአጭሩ ለመለየት፦ ሰሚው ችግሩን ካላየው ታሪክ፤ ካየውና ካልተነሳ ቀጥታ።

ቁጥር፦ ሰሚው ራሱን ሲያይበት ብቻ

ቁጥር ብዙዎች የሚወዱት መግቢያ ነው። ጠንካራ የሚያስመስል ነገር አለው። እኔ ግን ቁጥር የምመርጠው ሰሚው ቁጥሩ ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ነው። ሚሊዮንና በመቶ ሲደረደር ሰው ጆሮው ይዘጋል።

የደም ልገሳን እንውሰድ። ኮምቦልቻ ግቢ ያለ ተማሪ በዓለም ላይ ያለውን የደም እጥረት እየዘረዘረ ቢጀምር ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸውን ያወጣሉ። እንዲህ ቢጀምርስ?

«እዚህ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዳችን ወደ 5 ሊትር ደም ይዘን ተቀምጠናል። ዛሬ የምንጠየቀው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። አንድ እናት ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል ግን ሆስፒታሉ ከየትም ሊያመጣላት አይችልም፤ ፍሪጅ ውስጥ ካለው በቀር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ደግሞ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው።»

አራት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ቁጥር። ሦስቱም ሰሚው ሊይዛቸው የሚችል ነው። 5 ሊትሩ የራሱ ነው። ግማሽ ሊትሩን በሃይላንድ ጠርሙስ ያውቀዋል። 42 ቀኑ ደግሞ «አምና ሰጥቻለሁ» ለሚለው መልስ ነው፤ ያኔ የሰጠው ቀይ የደም ሴል ዛሬ የለም። ጥሩ ቁጥር ሰሚው ሊያነሳ የሚችለውን ሰበብ ቀድሞ ይመልሳል። ይህን ካላደረገ መሐል ላይ ቢገባ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ። ቁጥሩን ከየት እንዳገኛችሁት አረጋግጡ። ቅሬ ላይ ሒሳብ የሚያውቅ ጡረታ የወጣ ሰው አይጠፋም። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ቀሪው ንግግር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ ማን ፊት እንደሆናችሁ ይወስነዋል

«ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» በሚል የሚጀምር ንግግር ብዙ ሰምተናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። መልስ አይጠብቅም፤ ሰሚውም ያውቀዋል።

ሁለት ዓይነት ጥያቄ ግን ይሠራል። አንደኛው እጅ የሚያስነሳ ነው። «ደም ሰጥታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» ብትሉ ተማሪ ፊት አዳራሹ ይነቃል፤ ሰው ዞር ዞር ብሎ ይተያያል። ጥቂት እጅ ብቻ ቢነሳም ያ ራሱ ክርክራችሁን ይጀምርላችኋል። ሽማግሌዎች ፊት ግን አትሞክሩት። አባት የሆነን ሰው እንደ ክፍል ተማሪ እጅህን አውጣ ማለት ያስቀይማል። እናቶችም አያወጡም፤ ይሳሳቃሉ እንጂ።

ሁለተኛው የተወሰነ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። «ቦዩ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠረገው መቼ ነው?» ይህ ጥሩ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ የሚያስታውስ ከሌለም ዝምታው ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ጥያቄ ከጠየቃችሁ አንድ አባት ተነስተው ሊመልሱ ይችላሉ። ከጃንሆይ ዘመን ጀምረው ሊመልሱ ይችላሉ። ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ከተሰጣችሁ ጥያቄን ተዉት።

ተረትና ምሳሌ፣ ጥቅስ፣ ፍቺ

በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። «መዝገበ ቃላት እንደሚለው» ብሎ መጀመር ማንንም አሳምኖ አያውቅም። የታላላቅ ሰዎች ጥቅስ የሰሚውን ዓይን ከእናንተ ወደ ሌላ ሰው ያዞራል፤ እናንተ ገና አልታወቃችሁም። የሃይማኖት መጽሐፍ ጥቅስ ክቡር ነው። ግን የወሎ ቅሬ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። የአንዱን ጠቅሳችሁ የሌላውን እንዳታርቁ፤ ሁለቱንም የሚያቅፍ ቃል ካላችሁ ግን በረከት ነው።

ተረትና ምሳሌ ይለያል። «ድር ቢያብር» ብላችሁ ብትጀምሩ ሰው ቀሪውን ሳትጨርሱት በልቡ ጨርሶ ወደ ሌላ ሐሳብ ሄዷል። ግን ይህንኑ መጠቀም ይቻላል። «ሳይቃጠል…» ብላችሁ ቁሙ። ሰዉ «በቅጠል!» ይላል። አሁን ድምፁን አውጥቷል፤ አብሯችሁ ተናግሯል። ወዲያው «ቅጠላችን እንግዲህ ቦዩ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ግንቦት» ብላችሁ ወደ ነገሩ ግቡ። ምሳሌው ብቻውን ከተተወ ይተናል። ከቀንና ከቦታ ጋር ሲታሰር ይይዛል።

ዕቃ ማሳየትና ቦታውን መጠቀም

እነዚህ ሁለቱ እኛ ጋ ብዙም አይሞከሩም፤ ያሳዝነኛል።

ወጣቱ ምንም ሳይናገር ከቦዩ ያወጣውን አንድ ማዳበሪያ ይዞ ቢመጣስ? ጭቃ የጠጣ ሃይላንድ፣ የተጠቀለለ ፌስታል፣ የልጅ ጫማ፣ የዘይት ጀሪካን ክዳን። ጋዜጣ ዘርግቶ አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። ሽታውም አለ። ከዚያ «ይህ ሁሉ የወጣው ከአንድ ሜትር ቦይ ነው» ይላል። ይህን መግቢያ ታሪክም ቁጥርም አይበልጠውም። ቦዩ እንዲህ ሆነ ብሎ መከራከር አያስፈልገውም፤ ሰው እያየው ነው። ለትንሽ ስብሰባ ግን ነው የሚሆነው። ከኋላ ያለው ካላየ ዕቃው ጫጫታ ብቻ ይፈጥራል። ካሳያችሁ በኋላም ሰብስባችሁ ከዓይን አርቁት፤ አለዚያ ሰው ንግግሩን ትቶ ጫማውን ሲያይ ይውላል።

ቦታውን መጠቀም ደግሞ ሰሚው በቆመበት ነገር መጀመር ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ሲናገር የቆመው የሊንከን መታሰቢያ ፊት ነበር። ከአንድ አጭር የመክፈቻ ቃል በኋላ ወዲያው ያነሳው ሊንከን ከ100 ዓመት በፊት የፈረመውን የባሮች ነጻነት አዋጅ ነው። ለዚያ ሰልፍ የሚሆን ሐውልት ፍለጋ አልሄደም፤ ከጀርባው ነበር።

ደሴ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ወይዘሮ ስህን ኮሌጅ ውስጥ ሴቶች ልጆች ብየዳና ኤሌክትሪክ እንዲማሩ የምታሳምን ተናጋሪ እንዲህ ብላ ልትጀምር ትችላለች፦

«ዛሬ ጠዋት ሁላችንም የገባነው የሴት ስም በተጻፈበት በር ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት። በዚህ ስም ከተጠራ ግቢ ውስጥ ሴት ልጅ የማትገባበት ወርክሾፕ ሊኖር አይገባም።»

ስሙን በየቀኑ ያዩታል፤ ማንም ግን ቆሞ አላሰበበትም። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ በነበረው አይጠየፍ አጠገብ የምትናገሩ ከሆነም እንዲሁ ነው። ቅሬው ፊት ያለው ወጣት ደግሞ እጁን ወደ ጦሳ ዘርግቶ «ውሃው ከዚያ ይነሳል፤ እኛ ጋ እስኪደርስ የሚያቆመው የለም» ቢል አበቃ። ችግሩ ሰሚው ቦታውን የማይወደው ወይም ለቦታው እንግዳ ከሆነ ነው። ያኔ አይነካውም።

ሰሚው ሲቃወም

ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ንግግር የሚወድቀውም እዚህ ነው።

ቅሬው አምና ለዚሁ ቦይ ገንዘብ አዋጥቶ ሥራው ሳይሠራ ቀርቷል እንበል። ሰዉ ተቀይሟል። አሁን ወጣቱ ተነስቶ የጎረቤታችንን ሌሊት ቢተርክ ምን ይሆናል? «ለዚህማ አዋጥተን ነበር!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። በጣም የሚያሳዝነው ታሪክ እንኳ የተቆጣን ሰው ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ ሆዱን ነክተው ኪሱ ሊገቡ ነው ብሎ ያስባል። ቁጥርም አይሠራም። ቀጥታ ጥያቄማ ጭራሽ።

እዚህ ላይ ነው ሮማውያኑ ቀስ ብላችሁ ግቡ ያሉት። ቀስ ማለት ግን ማድበስበስ አይደለም። በሰሚው ቅሬታ መጀመር ነው። በራሱ አፍ ሊለው የነበረውን እናንተ ቀድማችሁ፣ ሳታለሳልሱ፣ ትሉታላችሁ።

«ለዚህ ቦይ አምና ገንዘብ አዋጥተናል። ቦዩ ዛሬም እንደነበረ ነው። ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ ብላችሁ ብትጠይቁ ሐቅ አላችሁ፤ እኔም እጠይቃለሁ። የቅሬው ዳኛ ሒሳቡን እንዲያቀርቡ ዛሬ አብሬያችሁ እጠይቃለሁ። ሒሳቡ እስኪቀርብ ግን ሐምሌ አይጠብቀንም። ስለዚህ አንድ ብር ሳላነሳ፣ የጉልበት ነገር ብቻ ልናገር ተነስቻለሁ።»

ምን እንደሠራ ተመልከቱ። ቅሬታውን አላሳነሰም። «አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ» አላለም፤ እንዲህ ያለ አነጋገር ሰው ወዲያው ይሸተዋል። ማንንም ሌባ አላለም። ቅሬታውንና ጥያቄውን ለያቸው፦ ገንዘቡ ሌላ፣ ጉልበቱ ሌላ። ከኋላ ሊጮህ የነበረው ሰው የሚጮህበት ነገር አጣ፤ ቃሉ ተነግሮለታልና። ከዚህ በኋላ የጎረቤታችን ሌሊት ቢመጣ ይሰማል። ታሪኩ አልተጣለም፤ ቦታው ተቀየረ።

አንድ ፈተና አለው። ቅሬታውን ከልባችሁ ካላመናችሁበት አትጀምሩበት። ሰው ፊት ያነባል። ቅሬታው ትክክል ካልመሰላችሁ ሌላ የምትስማሙበት ነገር ፈልጉ። ክረምት መምጣቱ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው መንገድ መሆኑ፣ መንገዱ የሁሉም መሆኑ። ከሚቃወማችሁ ሰው ጋር አንድ እውነት ሳትጋሩ ወደ ልዩነት አትግቡ።

ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ተናግሮ ቤቱን አሳምኖ ከተቀመጠም መንገዱ ያው ነው። በጻፋችሁት አትጀምሩ። እሱ ካለው ውስጥ በምትቀበሉት ጀምሩ፦ «ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ቦዩን ማዘጋጃ ቤት ነው መሥራት ያለበት። እስኪሠራ ግን…»። ሰሚው ገና የሰውየው ቃል ጆሮው ላይ ነው። ያንን ቃል ይዛችሁ ከተነሳችሁ አብሯችሁ ይመጣል።

የደከመ ሰሚ ደግሞ የተለየ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ አምስት ተናጋሪ ካለፈ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ከሆናችሁ የጻፋችሁትን መግቢያ ግማሹን ቁረጡት። «ሦስት ነገር ልል ነበር፤ አንዱን ብቻ እላለሁ» የሚል ተናጋሪ በዚያ ሰዓት ይወደዳል። ግን ያላችሁትን አድርጉ፤ አንዱን ብቻ በሉ።

ሰላምታውስ?

ሰላምታ መግቢያ አይደለም፤ ግን አይዘለልም። በመንግሥት መድረክ ላይ «ክቡራንና ክቡራት» ማለት ግድ ነው። መድረክ መሪው ስም ዝርዝሩን ጠርቶ ከጨረሰ «የሁላችሁም ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ እለፉ። ደግማችሁ ስትዘረዝሩ ሰሚ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያው ደቂቃ ያልቃል፤ የሚረሳ ስምም አይጠፋም።

ቅሬ ላይ ወይም ሽማግሌዎች ባሉበት የተሻለ ነገር አለ፤ መረቃ። ወጣት ሽማግሌ ፊት አይመርቅም፤ ይመረቃል። «አባባ፣ ይመርቁንና እንጀምር» በሉ። ሸኽ ይሁኑ ቄስ ወይም የሰፈሩ ታላቅ አባት፣ ሲመርቁ ሰዉ ሁሉ «አሚን» ይላል። ወሬው ይቆማል፤ ልብ ይሰበሰባል፤ እናንተም በእሳቸው ቃል ተባርካችሁ ትነሳላችሁ። ሮማውያኑ በበጎ ዓይን መታየት ያሉት ይህንኑ ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን በአንድ ቃል ይገኛል። ከመረቃው በኋላ ሌላ ረጅም ሰላምታ አትጨምሩ። በቀጥታ ወደ መረጣችሁት መግቢያ ግቡ።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለማንም አልመክርም። አንዱ «ሳልዘጋጅ ነው የመጣሁት» ነው። ያልተዘጋጀን ሰው ለመስማት ማን ይቸኩላል? ሌላው «ብዙ ጊዜ አልወስድባችሁም» ነው። ጊዜ ላለመውሰድ ጊዜ ይወስዳል።

ከመረጣችሁ በኋላ

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት። ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ ይህንኑ ምክር አስፍሯል፤ መጀመሪያ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ይታሰብ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንግግሩ የት እንደሚደርስ ሳታውቁ በሩን ልትመርጡ አትችሉም። መጀመሪያ «ሰዉ ከዚህ ሲወጣ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው?» ለሚለው መልሳችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ምክንያቶቹን። ከዚያ ሰሚው የት እንደቆመ አስቡና መግቢያውን ምረጡ።

ሁለት መግቢያ ጽፋችሁ ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ለጓደኛ፣ ለእናት፣ ዶርም ለሚጋራችሁ ልጅ። «የቱ ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ልጠይቅህ የመጣሁ ይመስልሃል?» በሉት። በትክክል የመለሰበት ነው የእናንተ መግቢያ። ጥያቄውን ካልገመተ መግቢያው የቱንም ያህል ቢያምር ለሌላ ንግግር የተሠራ ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ ለአምስት ደቂቃ ንግግር ከ40 ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃል ያዙ፤ ቀሪውን ወረቀት ማየት ይቻላል። ሰው ዓይናችሁን የሚያየው ያኔ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ጫጫታ። ስብሰባችን ላይ ስትነሱ ወንበር የሚጎትት ይኖራል፤ ዘግይቶ የሚገባና እየዞረ ሰላም የሚል ይኖራል፤ ማይኩም ያፏጫል። በዚህ መሐል የተነገረ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ቆማችሁ ትንሽ ጠብቁ። ወረቀት አታገላብጡ፤ ማይኩን አትምቱ፤ ሰዉን እያያችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ ይደርሳል። ከኋላ ያሉት ቀና ሲሉ ጀምሩ። መብራት ጠፍቶ ማይክ ከሌለ ደግሞ ከመድረኩ ውረዱና ወደ መሐል ተጠጉ፤ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ከኋላ ላለው ሰው ንገሩት፤ ከፊት ያሉት መስማታቸው አይቀርም።